የአሮጌዋ መኪና ፍሬን ማሻሻያ ዘመቻ

ረቡዕ፣ ከቢሮ

ውድ እናቴ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ከተቻለም አክስቴ ከጎንሽ ሆና ትደግፍሽ። የመኪናችን የኋላ ቀኝ ጎማ ክዳን ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ጋር ባደረገው ድንገተኛ ግንኙነት ምክንያት፣ በተወለደ በሃያ ስምንት ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን የምገልጽልሽ በታላቅ ሐዘን ነው። ሟቹ ጭቃ ሳይመርጥ ያገለገለ፣ ለማንም ክፉ ያልተናገረ፣ በቤተሰባችን ውስጥ ይህን በማድረግም ብቸኛው ነበር። ሦስት ወንድሞቹ በየጎማቸው ላይ በሐዘን ተቀምጠዋል። ሥርዓተ ቀብሩ እዚያው ቦይ ውስጥ ወዲያውኑ ተፈጽሟል። ማንም አላለቀሰም። እኔ ግን ልቅሶ ሳይሆን ማስመለስ ነው የመጣብኝ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት የማበላሸውም ለምን እንደሆነ ልነግርሽ ነው።

አሁን ሰላምታው ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ቀኙን ነው የምጠይቅሽ፤ ግራው መቼም ታሞ አያውቅም። ሐኪሙ የተሻለ ነገር አገኘልሽ ወይስ ዛሬም «እረፍት፣ እረፍት» እያለ ይሸኝሻል? አክስቴን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ። ደውዬ የማልነግርሽ ግን በእሷ ምክንያት ነው። ስልኩን ድምፁን ለቃ መሃል ቤት ስለምታስቀምጠው፣ ላንቺ የነገርኩሽን ምሥጢር ጎረቤት ተወያይቶበት ይመለስልኛል። ባለፈው ስለ ሆዴ መነፋት ሳወራሽ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ከጀርባ «ዝንጅብል ትጠጣበት» ስትል በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል። ዓርብ ጠዋት በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ይደርስሻል። እሱም እንደ ሌላው ሹፌር ሁሉ የአባዬ ተማሪ ነበር፤ ማርሽ ይበላል እንጂ አደራ አይበላም።

እኛ ደህና ነን። መቆም ያቃታት መኪናዋ ናት።

ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልሽ። ይህች መኪና አባዬ ግማሹን ከተማ መንዳት ያስተማረባት ናት። (ሌላውን ግማሽ ማን እንዳስተማረው አላውቅም፣ መንገድ ላይ ሳየው ግን ማንም እንዳላስተማረው እገምታለሁ።) የአስተማሪ መኪና ስለሆነች ሁለት ፍሬን አላት፤ አንዱ በግራ ለተማሪው፣ አንዱ በቀኝ፣ ጋቢና፣ ለአስተማሪው። ሁለቱ ከሥር በብረት ዘንግ ተያይዘዋል፣ አንዱ ሲረገጥ ሌላውም አብሮ ይወርዳል። አባዬ ጡረታ ሲወጣ እሱ ወደ መሪው ተሻገረ፣ አንቺ ጋቢና ገባሽ። የቀኙ ፔዳልም «ነገ አስነቅለዋለሁ» እንደተባለ ይኸው ስምንት ዓመት። በእኛ ቤት የዓመቱ ሥራ ሁሉ የሚሠራው ነገ በሚባለው ቀን ነው።

አንቺ «ለሳምንት ነው፣ ጉልበቴን ልታይ» ብለሽ በሄድሽ በሦስተኛው ቀን መኪናዋ የጎረቤታችንን የብረት በር ሳመች። በሳምንቱ የፋርማሲውን ሰሌዳ አጎነበሰችው። አባዬ ወርዶ ዞረና አያት፣ በጫማው ጎማዋን ጠለዘ፣ ከዚያ እንደ ጦር አዛዥ ደረቱን ነፍቶ «ፍሬኗ አርጅቷል» ሲል አወጀ። በዚህ ሁኔታ የፍሬን ማሻሻያው ዘመቻ ተጀመረ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበረው። አባዬ ሊቀ መንበር። አማችሽ፣ ማለትም የታላቅ እህቴ ባል፣ ምሁር፤ ስልኩ ላይ የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ስላየ። ሦስተኛው ያ «ጆሮ» የሚሉት ባለ ጋራዥ ነው። ጠመንጃ መፍቻ፣ ማለትም ካቻቢቴ፣ ቢያገኝ እንኳ አንዱን ጫፍ መኪና ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ምን ሰማህ ሲሉት «ትናገራለች» ይላል። ምን አለች ሲሉት «ገና ነው» ይላል። አራት ወር ሙሉ ገና ነው።

መጀመሪያ የፍሬኑን ዘይት አፈሰሱት። እማዬ፣ የወጣውን ነገር አይቼ ምሳ አልበላሁም። በአሮጌ ሣህን ውስጥ የተዝለገለገ፣ የጠቆረ፣ የታመመ ሰው ያስታወከው የሚመስል ነገር። አማችሽ ጣቱን ነክሮ አሸተተውና «ውሃ ገብቶበታል፤ ሲግል ስለሚፈላ ፔዳሉን ያላላዋል» ብሎ አብራራ። ትክክል ነው አሉ። ከዚያ ያንኑ ጣት ሱሪው ላይ ጠረግ አድርጎ ዳቦ ቆረሰ፣ ለእኔም አቀበለኝ።

አዲስ ዘይት ተሞላ፣ አየሩ ወጣ፤ መኪናዋ ግን አልቆም አለች። የፊት የፍሬን ሸራ ተቀየረ። አልቆም አለች። ዲስኮቹ ቶርኖ ቤት ተወስደው ተላጩ፣ እንደ ሙሽራ ጉንጭ አብረቀረቁ። አልቆም አለች። የፍሬን ዘይት የሚያደርሱት የጎማ ቱቦዎች ዕድሜ ስለጠገቡ ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ፊኛ ይነፋሉ ተብሎ እነሱም ወጡ። የነቀሉትን ሁሉ አባዬ ይሰበስባል። አመሉን ታውቂያለሽ፤ ከመኪናዋ የወጣ ነገር አይጣልም። በነጭ ቀለም፣ በቀጭን ብሩሽ፣ የተነቀለበትን ቀን ይጽፍበታል፤ ከዚያ በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ ጓሮ ዕቃ ቤት መደርደሪያው ላይ ያኖረዋል። ያን መደርደሪያ እኔ ሙዚየም ነው የምለው። አንዱንም ቆርቆሮ ከፍቼ አላውቅም፤ የፍሬን ሬሳ ለማየት ሆዴ አይችልም።

ከሁሉ ያስጠላኝ ደግሞ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። አባዬ ጆሮን ጠርቶ «ፔዳሉ እንዲለሰልስ እፈልጋለሁ» አለው። «እንዴት ይለስልስ ጋሼ?» ቢለው፣ «በትንሽ ጣት ሲነኩት የሚይዝ። ተጭኖ መርገጥ የማያስፈልገው። ጉልበት እንዳይጎዳ» አለ። ጆሮ ቀና ብሎ «የማን ጉልበት?» ብሎ ጠየቀው። አባዬ ተቆጣ፤ «የማንም!» አለና ፊቱን አዞረ። የማንም! የገዛ ጉልበቱን ነው እንጂ! እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ጉልበቱስ ምን ሆነና ነው የሚያቀማጥለው? ያን ሰዓት እንኳ ጎማው ሥር ቁጢጥ ካለ ሃምሳ ደቂቃ አልፎታል፤ ሲነሣም እንደ ምንጭ ነው የተስፈነጠረው። በሰባ አንድ ዓመቱ ራሱን በሐር ጨርቅ የሚጠቀልል ሰው ሳይ ቋቅ ይለኛል። ሆኖም ሰርቮ የሚባለው፣ ድስት የሚያክል፣ የእግርን ኃይል የሚያበዛው ዕቃ በአዲስ ተተካ። እውነትም ፔዳሉ ቅቤ ሆነ። መኪናዋ አሁንም አልቆም አለች።

አልቆም አለች ስል ግን ለአባዬ ነው። ጆሮ ሲነዳት እንደ ተቸነከረች ቀጥ ትላለች። አማችሽ ሲነዳት ቀጥ፤ ግንባሩን መስታወቱ ላይ እስኪያትም ድረስ። አባዬ ሲይዛት ግን እንደ ሹመኛ ቀስ ብላ፣ አሰብ አድርጋ፣ ደስ ያላት ቦታ ላይ። አማችሽ ይህን ተመልክቶ «መኪናዋ ጋሼን ለምዳ ንቃቸዋለች» የሚል ጥናት አቀረበ። ጆሮ መሬት መሬቱን እያየ፣ ከእጁ በቆሸሸ ጨርቅ እጁን እየጠረገ፣ «ሸራው ገና አልተላመደም» አለ። ያን ጊዜ ዓይኑን አየሁት። እማዬ፣ ሰውዬው አውቋል። አማችሽም አውቋል። አውቀው እጃቸውን ይጠርጋሉ። «ዝም አይነቅዝም» ያለው ሰው የእኛን ቤት አላየም፤ እዚህ ዝምታ ነቅዞ፣ ሸትቶ፣ ትል አውጥቷል። በቤታችን ውሸት ፍሬን የለውም፤ እውነት ግን ሁለት ፍሬን አላት።

እንግዲህ ወደ ሟቹ ክዳን ልመለስ። ማክሰኞ ጠዋት አባዬ «ቢሮ ላድርስሽ፣ ፍሬኗንም ታያለሽ» አለኝና ጋቢና ገባሁ። ጋቢና ከገባሁ ዓመታት ሆኖኛል፤ ያንቺ ቦታ ነበራ። ዳቦ ቤቱ ያለበት ጥግ ስንደርስ አንዲት ሴት እንቁላል በትሪ ይዛ መንገድ ገባች። አባዬ አያት። ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ ሐሳቡም ጤነኛ ነው። የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ «እምቢ አለች! እምቢ አለች!» ማለት ጀመረ። ወደ ታች ተመለከትኩ። እግሩ ፔዳሉ ላይ አልነበረም። ከፔዳሉ አጠገብ፣ በሙሉ ኃይሉ፣ ምንጣፉን ነበር የሚረግጠው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የአባዬ ቀኝ እግርም ለባለቤቱ ባዳ ሆኗል። ምን እንደረገጠ አያውቅም፤ አይሰማውም። የቤት ጫማው ኮሪደሩ ላይ ሲወልቅ በባዶ እግሩ ሳሎን ድረስ የሚሄደው፣ አንቺም ከኋላው እያነሣሽ የምትከተይው፣ ለካስ ዝንጉ ሆኖ አልነበረም።

ቀሪውን እግሬ ይንገርሽ። እኔን ሳያማክር ሄደና ወደቀ፤ የወደቀበት ቦታ ላይ ፔዳል ነበር። መኪናዋ በጎኗ ግድግዳውን ታክካ፣ ክዳኗን ከፍላ፣ ቀጥ አለች። ሴትዮዋ ትሪዋን እንዳቀፈች አንድ ክንድ ርቃ ፊት ለፊታችን ቆማለች፣ አንድ እንቁላል አልተሰበረም። ቀረብ ብላም አባዬን «ተባረኩ፣ ጥሩ ሹፌር ነዎት» ብላ መረቀችው። እሱ ደግሞ፣ እማዬ፣ ቆቡን ነካ አድርጎ ምርቃቱን ተቀበለ! ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ? አሁን ያዘች! ሸራው እየተላመደ ነው» አለኝ።

እኔስ ምን አልኩት? «አዎ አባዬ።»

እሱ ክዳኑን ሊፈልግ ሲወርድ ጎንበስ ብዬ አየሁ። በእኔ በኩል፣ ከፔዳሉ ፊት፣ ምንጣፉ ተበስቷል። ልክ የሴት ተረከዝ በሚያክል ስፋት እስከ ብረቱ ድረስ አልቆ ያበራል። የፔዳሉ ጎማ፣ ያ እግር እንዳያንሸራትት የሚለብሰው፣ እሱ ብቻ እንደ ትናንት ዕቃ አዲስ ነው፤ ጠንካራ ነገር ሠርተው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ተረከዝሽን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ያ ጫማ ሰፊው «እማማ በአንድ እግር ብቻ ነው እንዴ የሚሄዱት? ቀኙ ሁሌ ቀድሞ ያልቃል» እያለ ሲቀልድብሽ ትዝ አለኝ። መንገድ ላይ «ቀስ በል!» ብለሽ ስትጮኺ፣ መኪናዋም ስትቆም፣ እሱ «አትጩኺ፣ ይዣለሁ» ሲልሽ፣ እኛም ከኋላ ወንበር በጩኸትሽ ስንስቅ። ጩኸቱ ሽፋን ነበር። የያዝሽው አንቺ ነበርሽ። ሰባት ዓመት ይሆን? እግሩ የደነዘዘው የዚያን ጊዜ ነው መሰለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ፍሬን እየያዘለት አንድ ቀን እንኳ ያላወቀ ሰው!

ከዚያ ያ እራት ታወሰኝ። የአማችሽ አለቃና ሚስቱ ተጋብዘው ነበር። አንቺ በለሆሳስ «አሁንስ መንዳቱን ብትተወው ምን አለበት» አልሽው። እሱ ሹካውን እንደ ዱላ አንሥቶ «በዕድሜዋ አንድ ቀን ፍሬን ረግጣ የማታውቅ ሴት ስለ መንዳት ትመክረኛለች!» አለ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ይህን ስጽፍልሽ ፊቴ ይቃጠላል። አንቺ የሾርባ ማንኪያሽን አስቀመጥሽ፣ በነጋታው በአንድ ሻንጣ ሄድሽ። ከዚያ በፊት ስንት ተብለሽ አልፈሽዋል፤ ለምን በዚያች ብቻ እንደሄድሽ አራት ወር ሙሉ ስንመረምር ነበር። አማችሽ «ሾርባው ጨው በዝቶበት ሊሆን ይችላል» የሚል መላ ምት እስከ ማቅረብ ደርሶ ነበር። አሁን ገባኝ። ሲገባኝም ሰው ሁሉ አስጠላኝ፣ ከራሴ ጀምሮ።

ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ሰኞ ዕለት መኪናዋ ለዓመታዊ ምርመራ ሄዳ ነበር። መርማሪው እርግጥ የአባዬ ተማሪ ነው። «ጋሼ እርስዎ አረፍ ይበሉ፣ እኔ ላስገባልዎ» ብሎ ራሱ ነድቶ ፍሬን የሚለካው መሽከርከሪያ ላይ አወጣት፣ ራሱ ረገጠ። ውጤት፦ ዘጠና ሁለት ከመቶ! በዕድሜ እኩዮቿ ከሆኑት ሁሉ አንደኛ። ወረቀቱ ማኅተም አለው። አባዬ በመስታወት አስገብቶ ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ሰቅሎታል፤ ሾርባ በጠጣን ቁጥር ያቺ ዘጠና ሁለት ከላይ ታየናለች። ዘመቻው በድል ተጠናቋል። ፍሬኗ በእርግጥ ተሻሽሏል፣ ከአዲስ መኪና አያንስም። የጎደለው የሚረግጠው እግር ብቻ ነው።

ታዲያ በዚህ ወረቀት ተማምኖ እሁድ ጠዋት ሊመጣ ነው፤ ወደ አንቺ፣ በመኪናዋ፣ ብቻውን። አርባውን ኩርባ ቁልቁለት ወርዶ! መኪናዋን ሁለት ጊዜ አጥቧታል፣ ክራቫት ገዝቷል። በአውቶቡስ ሂድ አልኩት። «በአውቶቡስ? እኔ? ተማሪዬ እየነዳ እኔ ከኋላ እንደ ሻንጣ ልቀመጥ? ሚስቴን የማመጣው በመኪናዬ ነው» አለኝ። ቁልፉን ደበቅሁ፤ ለካ ሌላ ቁልፍ አለው። እህቴን ለመንኳት፤ «ቀስ ብለን እንነግረዋለን» አለች። ቁልቁለቱ ቀስ የሚባልበት ይመስል! አማችሽ «እንግዲያውስ የኋላውንም ሸራ እንቀይረው» አለ። ጆሮ ጋ ብቻዬን ሄጄ ፊት ለፊት ነገርኩት። «እህቴ፣ እኔ የምጠግነው ብረት ነው» ብሎ መኪና ሥር ተንሸራቶ ገባ። እግሩ ብቻ ውጭ ቀረ። ለእግሩ ሳወራ ቆይቼ ሄድኩ።

ሰኞ እራት ላይ ራሴ ልነግረው ቆርጬ ነበር። «አባዬ፣ እግርህ…» አልኩ። «እግሬ ምን ሆነ?» አለ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ያ ዘጠና ሁለትም አብሮ አየኝ። «ጫማህ ወልቋል» አልኩት። በእርግጥም ወልቆ ነበር። ኮሪደር ሄጄ አንሥቼ አመጣሁለት፣ አጠለቅሁለት፣ ልክ እንዳንቺ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ ቆሻሻው ግን እጄ ላይ አልነበረም።

እማዬ፣ ነይ አልልሽም። እግርሽ የራስሽ ነው፤ ሰባት ዓመት ያለ ምስጋና አበድረሽዋል፣ ይበቃል። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዓርብ ይህ ሲደርስሽ ደውይለትና «በመኪና እንዳትመጣ» በይው። ምክንያት አትስጪው። ተቆጪው፣ ስደቢው፣ እንደ ድሮሽ «ቀስ በል!» ብለሽ ጩኺበት። እሱ ከሰው ሁሉ የሚሰማው ያንን ጩኸት ብቻ ነው፤ ባይሰማውም መኪናዋ ትሰማዋለች። የአክስቴ ስልክ ድምፁን ቢለቅም ግድ የለም፣ ጎረቤት ሁሉ ይሰማ።

ካልደወልሽም አልቀየምሽም። ያን ጊዜ እሁድ ጋቢና የምገባው እኔ ነኝ። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቅሁት፣ የመንዳት አስተማሪ ልጅ፣ አርባ ኩርባ እይዛለሁ። ከትናንት ጀምሮ በቢሮ ጠረጴዛዬ ሥር እየተለማመድኩ ነው። የሥራ ባልደረባዬ «ልብስ ስፌት ጀመርሽ እንዴ?» ብላኛለች። ፈርቻለሁ። ከመፍራቴ ይልቅ ግን የሚያንገሸግሸኝ፣ ብንተርፍ እንኳ ከታች ስንደርስ «አየሽ፣ ያዘች!» ሲለኝ «አዎ አባዬ» እንደምለው ማወቄ ነው።

በይ እናቴ፣ ጤናሽን ይስጥልኝ። የጠጣሽው ይስማማሽ፣ የተኛሽበት ይመችሽ፣ የምትረግጪው መሬት ለስላሳ ይሁንልሽ። ጉልበትሽን ስሜያለሁ፤ ቀኙን ሁለት ጊዜ።

ጋቢና የገባችው፣
መካከለኛዋ ልጅሽ

እርማት
(ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ፖስታው ሳይታሸግ)

ሥራዬ ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ መጻፍ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጠዋት «ውሃ ይቋረጣል» ብለን፣ ከሰዓት «እርማት» ማለት የመሥሪያ ቤታችን ወግ ነው። ስለዚህ ከላይ በተጻፈው ላይ የሚከተለው እንዲስተካከል በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የጎማው ክዳን አልሞተም። ዳቦ ጋጋሪው ከቦይ አውጥቶ፣ ዱቄት በዱቄት አድርጎ አምጥቶልናል። እንደ ሁላችንም ትንሽ ተጣምሟል። ዜና ዕረፍቱ ተሰርዟል።

ክዳኑን ሙዚየም ላስቀምጥ ዕቃ ቤት ስገባ፣ ከመደርደሪያው ጫፍ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አየሁ። ክዳኗ ላይ በነጭ ቀለም «ቀኝ» ይላል። እንደምታውቂው ከፍቼ አላውቅም፤ ከፈትኩ። ውስጡ የፔዳል ጎማዎች ነበሩ፣ ስምንት። ሁሉም አንድ ጥጋቸው ላይ ተልገው አልቀዋል፣ ሁሉም በዚያው በግራ ጥግ። በእያንዳንዱ ላይ በአባዬ ጽሕፈት ቀን ተጽፏል። የመጀመሪያው የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። ከዚያ በዓመት በዓመቱ አንድ። የመጨረሻው የተነቀለው አንቺ በሄድሽ ማግስት ነው። መኪናዋ ላይ ያለው አዲሱ፣ እኔ «ጠንካራ ነገር» ያልኩት፣ ማንም እስካሁን ያልረገጠው ነው። ማለትም፣ እስከ ማክሰኞ።

ይህ ነገሩን ያቀልለታል አልልም። ያን ዕለት በእንግዳ ፊት የተናገረው እያወቀ ነው፤ ስለዚህ የባሰ አስጠልቶኛል፣ እንድታውቂው። ቆርቆሮውን ይዤ ገባሁና ምሳ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዘጠና ሁለቱ ሥር አስቀመጥኩለት። እሱም ከፍቶ አየ። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፣ የደበቅሁትንም ቁልፍና ብሩሹን አስመጣኝ፣ መለያቸው ላይ የዛሬን ቀን በነጭ ቀለም ጻፈ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ከቶ ከደነው። «የቅዳሜው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አለኝ። ሦስት ሰዓት አልኩት። «ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ይያዝልኝ» አለ፤ ምስኪን ሹፌር። በመጨረሻም «ስለ ቆርቆሮው ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» ብሎኛል። በመሆኑም ይህ እርማት በይፋ እንዳልደረሰሽ ይቆጠር።

«አንድ ቀን እንኳ ያላወቀ ሰው» የሚለው ተሰርዟል። በተጨማሪም፣ ፔዳሉ እንዲለሰልስ ስለታዘዘበት ጉዳይ ጆሮ «የማን ጉልበት?» ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ በስህተት የተመዘገበ ስለሆነ፣ «የማንም» የሚለው «ያንቺ» ተብሎ ይታረም።